የነገዎቹ ፔጆዎች

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ሲያሳውቅ፣ «እንግዲህ የናፍጣ ዘመን አለቀ» ያለው ሰው ብዙ ነው። ሐረር ላይም ይኸው ተባለ። ነዳጁ ከቀረ ጭሱም ይቀራል ማለት ነው። እኔ የምጠብቀው ተቃራኒውን ነው። አዲስ የነዳጅ መኪና መግባቱ ሲቆም ነባሩ አይጣልም፤ ይወደዳል እንጂ። ባለቤቱ አይለቀውም፣ ልጁ ይወርሰዋል፣ ሞተሩ ሁለቴ ሦስቴ ይወርዳል፣ ቦዲው ደጋግሞ ይቀባል። ይህን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሐረር ከዚህ በፊት በዓይኗ አይታዋለች።

ፔጆ 404ን ማለቴ ነው። ፈረንሳዮቹ መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር፤ አውቶሞቢሉን አገራቸው ውስጥ ማምረት ያቆሙት ደግሞ በ1975። በመካከሉ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ። ፋብሪካው ካቆመ ከአርባ ዓመት በኋላ ግን 404 ሐረር ላይ ገና ታክሲ ነበር። የውጭ አገር ጎብኚ ከጀጎል ግንብና ከጅብ ማብላቱ ጋር እሱንም ፎቶ ያነሳው ነበር። ዕድሜውን ያረዘመው የፈረንሳይ ብረት ብቻ አይደለም። ካርቡራቶሩ መንገድ ዳር ተፈትቶ ይነፋል፣ ካንዴላው ተጠርጎ ይመለሳል፣ የጠፋ ዕቃ ካለ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል። የሐረር መካኒክ መኪናውን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ያውቀዋል። ማጨሱንማ በደንብ ያጨሳል፤ ያን ጊዜ ግን የመኪናው ቁጥር ትንሽ ነበርና ማንም ልብ አላለውም።

አሁን ደግሞ ነገ ፔጆ የሚሆኑትን እንይ። ምሥራቁ ላይ ከሚሽከረከረው ናፍጣ መኪና አብዛኛው እኔ የማነሳው የጭስ ማጣሪያ ጣጣ የለበትም። የአወዳይን ጫት ይዞ የሚከንፈው አይሱዙ፣ አሸዋ የሚያመላልሰው ሲኖትራክ፣ አሮጌው አባዱላ የጭስ ማጣሪያ የሚባል ነገር አልተገጠመላቸውም። ምን እንደሚያስወጡ ከኋላቸው የነዳ ያውቃል። ለአፍሪካና ለዓረብ አገሮች ገበያ ከተሠሩት ሃይሉክሶችም ብዙዎቹ ያለማጣሪያ ነው የሚመጡት። ጣጣው ያለው በአውሮፓ ደረጃ ተሠርተው በገቡት ላይ ነው፤ ዳያስፖራው ይዞት በመጣው፣ ከአውሮፓ ተገዝቶ በደላላ በተሸጠው ዲ ፎር ዲ፣ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ በጨረታ ባስተላለፈው መኪና ላይ። ቁጥራቸው ዛሬ ትንሽ ነው። ደጃችን ግን ተዘግቷልና ከእነሱ በኋላ የሚመጣ ተተኪ የላቸውም።

አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ «ዩሮ 5» የተባለውን ደረጃ ስታስገድድ፣ ናፍጣ መኪናን ያለ ጥላሸት ማጣሪያ መሸጥ የማይቻል ሆነ። ጋራዥ ውስጥ ዲፒኤፍ የሚሉት ነው። ከማርሚታው ቀድሞ የተቀመጠ፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ነው፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጥላሸት እዚያ ይቀራል። ሲሞላ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ ናፍጣ ያስረጭና ጭሱን ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ አሙቆ ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ለዚህ ግን መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል ሳይቆም፣ ደህና ፍጥነት ይዞ መሄድ አለበት። ከአራተኛ ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ የሚመላለስ መኪና ይህን ዕድል ከየት ያገኛል? በባጃጅ ተከቦ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ይውላል፤ ማጽዳቱ ገና ሲጀመር ሞተሩ ይጠፋል። ያልተቃጠለው ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይንጠባጠብና ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ይህ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው።

ድሬዳዋ የሚመላለሰው ይሻላል። የደንገጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ይጨነቃል፣ ማጣሪያው ይሞቃል፣ ጥላሸቱ ይቃጠላል። ቁልቁል ሲወርድ ያው መንገድ ምንም አይፈይድለትም፤ እግር ከነዳጁ ላይ ተነስቶ ስለሚወረድ ጭሱ ቀዝቃዛ ነው። ከተማ ውስጥ ብቻ የሚነዳ ሰው በየጊዜው ድሬዳዋ ወርዶ በዚያው ቀን ቢመለስ ብዙ ገንዘብ ይተርፈው ነበር። የሚነግረው የለም። ክሩስኮቱ ላይ ብርቱካናማ መብራት ትበራለች፣ ሰውዬው ላስቲክ ይለጥፍባታል።

ከዚያ መኪናው ጉልበት ያጣል። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ሞተሩን ለማትረፍ የሚይዘው፤ ባለቤቱ ግን ፖምፓው ወይም ቱርቦው የሄደ ይመስለዋል። ስካነር ያለው ባለሙያ ኮዱን አንብቦ ያጠፋዋል፣ መብራቷ በማግስቱ ትመለሳለች። ዋናው የገንዘብ ኪሳራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማጣሪያው ብዙውን ጊዜ ተጎጂ እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። የሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር፣ ዘይት የሚያሳልፍ ቱርቦ፣ ጭስ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው በካርቦን ተጣብቆ የማይዘጋ ኢጂአር ቫልቭ፣ ወይም አመዱ የበዛ ተራ ዘይት ነው የሚደፍነው። እነዚህ ሳይታዩ ማጣሪያ የቀየረ ሰው አዲሱንም ወራት ሳይቆይ ይደፍነዋል፣ ሁለተኛ ይከፍላል። ምክንያቱን አጣርቶ የሚያገኝ ሰው ፍለጋ ከሐረር ተነስቶ ድሬዳዋ፣ ሲከፋም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ አለ።

ዋጋውን በምሳሌ ላሳይ። አንድ ማጣሪያ ውጭ አገር 2,000 ዶላር ያወጣል እንበል፤ ለኦሪጅናሉ የተጋነነ አይደለም። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር 114 ሺህ ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ 125 ብር ሲገባ ያው ዕቃ 250 ሺህ ሆነ፤ ቀረጥ፣ ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር። የመንግሥት ሠራተኛ ይቅርና ደህና ነጋዴም ይህን ሲሰማ ይቀመጣል።

በአውሮፓ ከ2014 ወዲህ «ዩሮ 6» ሲመጣ ደግሞ አድብሉ የሚባል ፈሳሽ ተጨመረ። 32.5 በመቶው ዩሪያ፣ ቀሪው የተጣራ ውኃ ነው። ሲያልቅ መኪናው ቀሪውን ኪሎ ሜትር እየቆጠረ ያስጠነቅቅና በመጨረሻ አልነሳም ይላል። ሙቀት አይወድም፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ከቆየ ይበላሻል፣ የድሬዳዋን ፀሐይ ደግሞ እናውቃለን። «ዩሪያ ከሆነ ማዳበሪያውም ዩሪያ ነው» ብሎ በጀሪካን በጥብጦ የሚሞላ ብልሃተኛ እንደማይጠፋ ደግሞ አልጠራጠርም። የማዳበሪያው ቆሻሻ ፈሳሹ የሚያግዘውን የጭስ ማጽጃ፣ ካታሊስቱን፣ ይገድለዋል፤ ገበሬውም ማዳበሪያውን አጥቶ ይቀራል።

እንግዲህ መካኒኩ ምን ይላል? «ጋሼ፣ ይኼን ነገር ቆርጠን እንጣለው።» ማጣሪያው ይወርዳል፣ ሆዱ ይሰነጠቃል፣ ሸክላው በብረት ይደቀቃል፣ ባዶው ቆርቆሮ ተመልሶ ይበየዳል። ከዚያ በላፕቶፕ ኮምፒውተሩ ማጣሪያውን እንዲረሳ ይደረጋል። የተደቀቀው ሸክላ ፕላቲነም ስላለበት ገዢ አለው፤ ባለመኪናው ግን ይህን አያውቅም፣ ለማስጣያው ራሱ ከፍሎ ይወጣል። መኪናው እንደ ጥንቱ ይበራል። ሁሉም ደስ ብሎታል።

መካኒኩን ለመውቀስ አልቸኩልም። 250 ሺህ ብር የሌለው ደንበኛ ፊቱ ቆሟል፤ ሌላ መላ የሰጠውም የለም። ነገር ግን ዕዳው አልተሰረዘም፣ ሰው ነው የቀየረው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋም የናፍጣ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2012 ነው። ከሐረር በር ገብቶ ወደ ፈረስ መጋላ የሚሄድ መኪና ጭሱን የሚለቀው 48 ሄክታር ላይ በታጨቀ፣ በግንብ በታጠረ ከተማ ውስጥ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ ሲንጀሩን ደጅ አውጥቶ ቀኑን ሙሉ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ የባለመኪናውን ጥገና በሳንባው ይከፍላል። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጀጎል ግንብ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ሰው ይኖራል።

«ይህ የድሃ አገር ችግር ነው» የሚል ካለ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ቮልስዋገን 11 ሚሊዮን ያህል ናፍጣ መኪኖቹ ላይ ምርመራን የሚያታልል ፕሮግራም መጫኑ ሲጋለጥ፣ ከነገሩ ሥር የነበረው ይኸው የማጽጃው ዋጋና ጣጣ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ በ2015 እና በ2020 መካከል የተሸጡ 264,170 የቶዮታ መኪኖች፣ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ፣ ማጣሪያቸው በአግባቡ ራሱን አያጸዳም ተብሎ ፍርድ ቤት በ2022 ለባለቤቶቹ ፈርዷል፤ በካሳው መጠን ላይ ክርክሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። ሃይሉክስ ነው እንግዲህ! አውስትራሊያዊው ግን ፋብሪካውን የሚከስበት መንገድ አለው፣ የሐረሩ ባለመኪና ያለው የጋራዡ በር ብቻ ነው።

አውሮፓም ብትሆን የማስጣል ዘዴውን ደርሳበታለች። እንግሊዝ ከየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማጣሪያው የጠፋበት መኪና ዓመታዊ ምርመራውን እንዳያልፍ አድርጋለች። ሰው ግን ባዶ ቆርቆሮውን እያስበየደ ማለፉን ቀጠለ፣ ምክንያቱም ጭሱን በጥቁረቱ የሚለካው የድሮ መሣሪያ ለዘመናዊ ሞተር ደካማ ነው፤ የሚገድለው ብናኝ ለዓይን አይታይም። ስለዚህ ቤልጂየም በ2022፣ ኔዘርላንድስና ጀርመን በ2023 ብናኙን በቁጥር የሚቆጥር መሣሪያ አስገቡ። በዚያ ቆጠራ የወደቀው መኪና ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 እንዳወጣው ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ውጭ ተሸጠዋል፤ አብዛኞቹም የገቡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በዚህ በኩል ኢትዮጵያ ቀድማ ነቅታለች። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ሲጥል ብዙ ተጮኸ፤ እኔ ግን ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ። ጉድለቱ የገባውን ማን ይጠብቀዋል የሚለውን አለመመለሱ ነው።

ሕጉስ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ቦሎ በየዓመቱ ይለጠፋል። ፍሬን ይታያል፣ መብራት ይታያል፣ ጎማ ይታያል። ማርሚታው ባዶ ነው ወይ ብሎ የጠየቀኝ መርማሪ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ነዳጁም አለ። ማጣሪያና ካታሊስት ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ የበዛበትን ናፍጣ አይችሉም። የአውሮፓ ናፍጣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሚሊዮን 10 እጅ በላይ ድኝ እንዳይኖረው ታዟል፤ ኬንያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች ከ2015 ጀምሮ 50 ላይ ወሰኑ። እኛ ናፍጣችንን የሚያስገባልን አንድ የመንግሥት ድርጅት ነው፤ የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት። ዋጋ በተከለሰ ቁጥር አዲሱ ታሪፍ ለሕዝብ ይነገራል። ከዋጋው ጎን የድኙ መጠን ቢጻፍ ምን ይከብዳል? መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበትማ ሻጩም አያውቅ።

ቀረጡም እንዲሁ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኖ፣ ተገጣጥሞ ያለቀው በ15 በመቶ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቅዶ ነበር። መልካም። ግን ቻርጅ ማድረጊያው በአብዛኛው አዲስ አበባ በተሰበሰበበት ጊዜ የሐረር ሰው ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ገና ሩቅ ነው። ከዚያ ቸርነት ጥቂቱ ለጭስ ማጣሪያ፣ ለሴንሰርና ለኢጂአር ቫልቭ ቢተርፍ፣ ማስጣሉና ማስጠገኑ በዋጋ ይቀራረቡ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚያስጥለውን መቅጣት ፍትሕ ይሆናል፤ ዛሬ ቢቀጣ ግን ጉቦ ከማብዛት ሌላ አይፈይድም።

ይህ ሁሉ እስኪሆን የሐረሪ ክልል ከራሱ ግቢ ሊጀምር ይችላል። በየቢሮው ግቢ «ጥገና ላይ ነው» ተብሎ ሣር የበቀለበት ናፍጣ መኪና ሐረር ብቻ ሳይሆን በየክልሉ የተለመደ ነው። ዓመታት ቆሞ በጨረታ ሲወጣ ማስታወቂያው የሞተር ቁጥሩን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የተሠራበትን ዘመንና የመነሻ ዋጋውን ይዘረዝራል። የጭስ ማጽጃው በቦታው አለ ወይስ ተጥሏል የሚል አንድ ረድፍ ይጨመር። ገዢው የሚገባበትን አውቆ ይገባል፣ ማጽጃው የተሟላለት መኪና ዋጋ ያወጣል፣ ለመንግሥት መኪና ጥገና የሚጫረት ጋራዥም አንድ ቀን «የጣላችሁትን ዕቃ የት አደረሳችሁት?» ተብሎ ይጠየቃል።