የሀገርን እንቅልፍ የጠበቀ ሰው እንቅልፍ አጥቶ አይቅር
ስለ ጦር ጉዳተኞች መብት ለአሊዩ አምባ፣ ለአንኮበርና ለአካባቢው መራጮች



አሊዩ አምባ በአንድ ወቅት የሸዋ በር ነበረች። ከሐረርና ከታጁራ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ቆላውን አቋርጦ ወደ አንኮበር ዳገት ሲቃረብ የሚያርፈው በዚህች ገበያ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የነጋዴው ዕቃ እዚህ ይቆጠራል፣ ይቀረጣል። ያን ጊዜ ስልክ አልነበረም፣ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ቆጠራው ግን ነበር። መንግሥት ሊቆጥር የፈለገውን ነገር መቁጠር አቅቶት አያውቅም። ዛሬም ግብር ከፋዩን ይቆጥራል፣ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበትን ይቆጥራል፣ ዘመቻ በመጣ ቁጥር በየቀበሌው ስንት ጎረምሳ እንዳለ ይቆጥራል። ከዘመቻ የተመለሰው ሰው ምን ጉዳት ይዞ እንደተመለሰ ግን የሚቆጥር የለም።

ፓርቲያችን በዚህ ምዕራፍ የሚያነሣው ይህንኑ ያልተቆጠረ ጉዳት ነው።

የማይታየው ጉዳት

እግሩን ያጣ ወታደር ክራንቹ ይመሰክርለታል። ከጦር ሜዳ የሚመጣ ጉዳት ሁሉ ግን በዓይን አይታይም። ከማይታዩት አንዱ ሐኪሞች በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ የሚሉት ሕመም ነው። ሰውዬው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻ ይላላና የአየር መተላለፊያው ይዘጋል። ትንፋሹ ለ10 ሰኮንድና ከዚያ በላይ ይቆማል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎሉ ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል፤ እየታነቀ አየር ስቦ ተመልሶ ይተኛል፤ ጉሮሮው እንደገና ይዘጋል። ይህ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ሲሆን ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ሲሆን መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ሲሆን ከባድ ይባላል። ከባዱ የያዘው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቢያንስ በየሁለት ደቂቃው ይታነቃል ማለት ነው። ጠዋት ራሱን ያመዋል፤ ቀን ያንቀላፋል፤ ይረሳል፤ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ሕመሙ ሳይታከም ሲቆይ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል።

በሀገራችን ከሠራዊት የተሰናበተ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሥራ ጥበቃ ወይም ሹፍርና ነው። ሁለቱም ነቅቶ መቆየትን የሚጠይቁ ናቸው። ጥበቃው በተራው ሲያንቀላፋ ሰነፍ ነው፣ ጠጥቶ ነው ተብሎ ይባረራል። ሹፌሩ የጣርማ በርን ቁልቁለት ሲወርድ ዓይኑ ከተከደነ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም። ሕመም የነበረው ነገር የጠባይ ጉድለት ሆኖ ይቆጠርበታል። ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹ መመለሱን ስትጠብቅ የምታድረው ሚስቱ እውነቱን ታውቃለች፤ እርሷን ግን የሚጠይቃት የለም።

የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። ሌላው እንዲተኛ በምሽግ ያደረ ሰው ራሱ እንቅልፍ ሲያጣ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሲፈለግ የተጠራ፣ ሲጎዳ የተረሳ

ይህ በደል የአንድ መንግሥት ብቻ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሻ ወደ ኦጋዴንና ወደ ኤርትራ ዘምቷል። በ1975 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ የየገጠሩ ልጅ የ6 ወር ሥልጠናና የ2 ዓመት አገልግሎት ግዴታ ተጣለበት። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን 450 ሺህ ገደማ ሰው ወደየመንደሩ ተሸኘ። የማቋቋሚያ ኮሚሽን ቢቋቋምም ብዙው ሰው የደረሰው የመቋቋሚያ እርዳታ እንጂ የዕድሜ ልክ ጡረታ አልነበረም። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተካሄደው የባድመ ጦርነት በኋላም የዓለም ባንክ ገንዘብ በሰጠበት ፕሮግራም 148 ሺህ ገደማ ወታደር ተሰናብቷል።

ከዚያ የመጣውን እናንተው ታውቃላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲከፋ የመከላከያ ሚኒስቴር የቀድሞ የሠራዊት አባላት ተመልሰው እንዲመዘገቡ ጥሪ አደረገ። በዚያው ዓመት ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ሲደርስ የሰሜን ሸዋ ሚሊሻና ገበሬ ያለውን መሣሪያ ይዞ ወጣ። በ1983 የተበተነውን ሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፈልጎ መጥራት ተችሏል። ያው ሰው ጡረታና ሕክምና ሲጠይቅ ግን መዝገቡ አልተገኘም ይባላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

በ2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሟል፤ በየክልሉ ከ371 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ዐቅዶ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትግራይ ሥራ ጀምሯል። ፓርቲያችን ይህን አይቃወምም። የምንጠይቀው፣ የ1983ቱና የ1990ዎቹ ስሕተት እንዳይደገም ተሰናባቹ የመቋቋሚያ ገንዘብ ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት የተሟላ ምርመራ እንዲያደርግና ጉዳቱ በመዝገብ እንዲሰፍር ነው። ዛሬ ያልተመዘገበ ጉዳት ነገ የሚካድ ጉዳት ነው።

የሕጉ ሦስት ቀዳዳዎች

የወታደር ጡረታ ምጽዋት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 714/2003 የተደነገገው የወታደሩ መዋጮ ቀስ በቀስ አድጎ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ የመንግሥት ድርሻ ደግሞ 25 በመቶ ደርሷል። ይህ አዋጅ በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት ለዘለቄታው መሥራት ላልቻለ ሰው የደመወዙን 47 በመቶ ጡረታ ይፈቅድ ነበር፤ ከ10 በመቶ ያላነሰ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ለሚችለውም አንድ ጊዜ የሚከፈል የጉዳት ዳረጎት አስቀምጦ ነበር። አዋጁ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል። ጉዳት ማለት አደጋ ብቻ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም ነው የሚለው መርሕ የሕጋችን መርሕ ነው። እንግዲህ በሩ ተከፍቷል፤ ሰው ግን አያስገባም። ለምን ቢባል ሦስት ቀዳዳዎች አሉበት።

የመጀመሪያው የሽፋን ቀዳዳ ነው። ሕጉ የተሠራው በቋሚነት ተቀጥሮ ደመወዝ ለሚከፈለው ሰው ነው። ደመወዝ ያልነበረው ሚሊሻ 47 በመቶው ከምን ላይ ይሰላለታል? በግዴታ ሁለት ዓመት ተኩል ያገለገለ ወጣትስ ለአገልግሎት ጡረታ የሚጠየቀውን 10 ዓመት ከየት ያመጣል? ሀገር ስትጠራው ደመወዝተኛ ነህ ወይ ብላ አልጠየቀችውም።

ሁለተኛው የጊዜ ቀዳዳ ነው። ጥይት በአንድ ቀን ይመታል፤ ቀኑም ይታወቃል። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ግን ከዓመታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ወታደሩ ከተሰናበተ በኋላ ሲታወቅ «በአገልግሎት ላይ እያለህ አልታመምክም» ይባላል። ምርመራ ላልተደረገለት ሰው አለመታመሙ እንዴት ታወቀ?

ሦስተኛው የማስረጃ ቀዳዳ ነው። የማስረዳት ሸክሙ በተጎጂው ላይ ወድቋል። የሚፈለገው ሰነድ ደግሞ የነበረው በመንግሥት እጅ ነው። ጦር ሰፈር ሲበተን ለጠፋ መዝገብ ተጠያቂው ያጠፋው ነው ወይስ የጠፋበት? በተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር እንኳ ሰነዱን በእጁ ይዞ የማያቀርብ ወገን አይጠቀምም። መንግሥት ከወታደሩ ጋር ሲከራከር ይህን ፍርድ የሚነፍገው በምን ሕሊና ነው?

ሌላው ዓለም የት ደረሰ?

በአሜሪካ ይህ ሕመም በቀድሞ ወታደሮች የጉዳት ሠንጠረዥ ውስጥ በስሙ ተጽፏል። ሕመሙ ከአገልግሎት ጋር መያያዙ ከተረጋገጠ፣ ቀን ቀን የማያቋርጥ ማንቀላፋት ላለበት 30 በመቶ፣ ሲፓፕ የሚባለውን አየር እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ መጠቀም ላለበት 50 በመቶ ይሰጣል። የጓድና የቤተሰብ ምስክርነትም ከሐኪም ማስረጃ ጋር ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይህን መመዘኛ ለማጥበቅ ሐሳብ ቀርቦ ብዙ አከራክሯል። እነርሱ በመቶኛው ይከራከራሉ፤ እኛ ዘንድ ጥያቄው ገና አልተጠየቀም።

የአሜሪካ በጀት የለንም፤ የእነርሱን ሠንጠረዥ እንዳለ እንቅዳ አንልም። ነገር ግን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች፤ በአንቀጽ 9 መሠረትም የሀገሪቱ ሕግ አካል ሆኗል። አቅም የለኝም የሚል መንግሥት ቢያንስ ስንት ሰው እንደተጎዳ ቆጥሮ መናገር አለበት። ያልቆጠረ ሰው አቅም አነሰኝ ማለት አይችልም።

ለሚቃወሙን መልሳችን

ይህ ሕመም ሲቪሉንም ይይዛል የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ውፍረት፣ ዕድሜ፣ የመንጋጋና የጉሮሮ አፈጣጠር ያመጡታል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በዓለም ከ30 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 936 ሚሊዮን ያህሉ ቀላሉ ወይም ከዚያ የባሰው እንዳለባቸው ገምቷል። ስለዚህ ያንኮራፋ ሁሉ ጡረታ ይውሰድ አንልም። ይሁን እንጂ በጭንቅላት ላይ ከደረሰ ጉዳትና ከጦርነት በኋላ ከሚመጣ የአእምሮ ሕመም ጋር አብሮ እንደሚታይ በሕክምና የታወቀ ነው። መንጋጋው ወይም አንገቱ የተመታ፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ፣ በጦርነት ምክንያት አእምሮው የታወከ ወታደር ይህ ሕመም ሲገኝበት ሕጉ ከአገልግሎት የመጣ ነው ብሎ ግምት ይውሰድ፤ አይደለም የሚል መንግሥት ተቃራኒውን ያስረዳ። ሌላው በየግሉ ይመርመር።

እግሩን ያጣው ሰው ገና ሳይካስ ስለ እንቅልፍ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉም አሉ። እግሩን ያጣውንም ሰው የከለከሉት እነዚያው ሦስት ቀዳዳዎች ናቸው። ቀዳዳው ሲደፈን ሁለቱም ይገባሉ።

ፓርቲያችን ከተመረጠ

1. በማንኛውም መንግሥት ዘመን ተጠርተው የዘመቱ የሠራዊት፣ የብሔራዊ ውትድርናና የሚሊሻ ጉዳተኞች በየወረዳው እንዲመዘገቡ ሕግ ያወጣል። የፖለቲካ አመለካከት፣ ብሔርና ሃይማኖት መመዘኛ አይሆኑም።

2. ደመወዝ ላልነበረው ዘማች የጉዳት ጡረታ የሚሰላበት መነሻ ከመከላከያ ሠራዊት ተራ ወታደር ደመወዝ እንዳያንስ ያደርጋል።

3. በአገልግሎት ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች ዝርዝር የአእምሮ ሕመምን፣ የመስማት ችግርንና ከላይ በተነገረው ሁኔታ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥን እንዲያካትት ያደርጋል።

4. የመንግሥት መዝገብ በጠፋበት ጊዜ የጓዶችና የትዳር ጓደኛ የቃለ መሐላ ምስክርነት ከሐኪም ማስረጃ ጋር ተቀባይነት እንዲኖረው ይደነግጋል።

5. የሕክምና ቦርድ በዓመት በተወሰነ ጊዜ ወደ ወረዳ ወርዶ እንዲሠራ ያደርጋል። የአሊዩ አምባ ሽማግሌ ዳገቱን ወጥቶ በአንኮበር፣ በደብረ ብርሃን በኩል አዲስ አበባ ድረስ ለአንድ ወረቀት መመላለስ የለበትም። ትንፋሽን ቤት ውስጥ ሌሊት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ስላለ ምርመራው ወደ ሰዉ ሊመጣ ይችላል።

6. የትንፋሽ መሣሪያ ለታዘዘለት ጉዳተኛ ከነባትሪው ያቀርባል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚጠፋ ሕክምና ሕክምና አይደለምና። ክብደት መቀነስ፣ በጎን መተኛትና መጠጥ መተው ለብዙው ሰው እንደሚረዱም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል ያስተምራል።

ውድ የአሊዩ አምባና የአንኮበር ሕዝብ፣

የዘመተው የአንተ ልጅ ነው፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ የአማራውም የአርጎባውም። ከእነዚህ ተስፋዎች አንዱም ቢጓደል በስማችን ጠይቁን። ሌሎች ተወዳዳሪዎችም መድረክ ላይ ሲቆሙ አንድ ጥያቄ አቅርቡላቸው፦ በዚህ ወረዳ ስንት የጦር ጉዳተኛ አለ? ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ነገ ሌላ ልጅ ለዘመቻ ሊጠራችሁ መብት የለውም።

ድምፃችሁን ለጉዳተኛው ፍትሕ ስጡ!

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ