ወደ ጅቡቲ የሚላከው ሠራተኛ አበልና ምግብ

ዕቃው ጅቡቲ የደረሰለት አስመጪ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ባንክ ሰነዱ፣ ስለ ቀረጡና ስለ ጭነት መኪናው ነው። ጉዳዩን ይዞ ወደ ወደቡ የሚወርደው ሠራተኛ በዚያ በሚሰነብትበት ጊዜ ምን እንደሚበላ ግን በመጨረሻ፣ ያውም መንገደኛው ሻንጣውን አንሥቶ ከበር ላይ ቆሞ ሳለ፣ በጥድፊያ የሚወሰን ነገር ነው። አንድ የተለመደ ቁጥር ይጠራል፤ ገንዘቡ ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ሠራተኛውም አመስግኖ ይሄዳል። ያ ቁጥር መቼና በምን ስሌት እንደ ተወሰነ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጥ የንግድ ቤት ጥቂት ነው።

ስሌቱ ግን ሊታይ ይገባዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177.721 ፍራንክ ሒሳብ ተወስኖ የቆመ ገንዘብ ነው። እንግዲህ ከዚያ ቀን በፊት በብር ተቆርጦ ሳይሻሻል የቀረ አበል በወረቀት ላይ ቁጥሩ ባይነካም በጅቡቲ ገበያ ዘንድ በግማሽ ያህል ቀልሏል ማለት ነው። የሸቀጡን ዋጋ ምንዛሪው ሲወጣ በማግሥቱ የሚያሻሽል ነጋዴ የመልእክተኛውን ምሳ በአሮጌው ዋጋ ትቶ መቀመጡ የሚያስገርም ነው። ከዶላር ጋር የተያያዘ ወጪ በዶላር ወይም በዚያው በአገሩ ገንዘብ ታስቦ ቢወሰን፣ በየጊዜው ክርክር ባላስፈለገ ነበር።

አንዳንድ ባለቤቶች በዚህ ላይ የሚያቀርቡት መልስ አለ። ይኸውም ሠራተኛው አበሉን አይበላውም፤ ቋጥሮ ወደ ቤቱ ይዞት ይመጣል የሚል ነው። ነገሩ እውነትነት የለውም አይባልም። ከሆዱ ቀንሶ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚያስቀር መንገደኛ ብዙ ነው። ነገር ግን ይህ የደመወዝ ጉዳይ እንጂ የምግብ ጉዳይ አይደለም፤ ደመወዙ ለማያዳርሰው ሰው አበሉን በመቀነስ ጥጋብን ማስተማር አይቻልም። አበሉ በተቀነሰ መጠን የሚቀነሰው ቁጠባው ሳይሆን ምሳው ነው።

ጉዳቱም ተመልሶ የሚያርፈው በባለቤቱ ላይ ነው። በሞቃታማዎቹ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጧት አንድ ብርጭቆ ሻይ በብስኩት ጠጥቶ የወጣ ሰው በዚያ ሙቀት ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመላለስ ከቆየ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ የሰነድ ቁጥር እንዲያመሳክር ይጠየቃል። የአንድ ኮንቴይነር መለያ አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ አለው። ከነዚህ አንዷ ብትሳሳት ወረቀቱ ይመለሳል፤ ሐሙስ ቀን የተመለሰ ወረቀት ደግሞ ዓርብና ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ስለ ሆኑ እስከ እሑድ ይቀመጣል። በዚህ መካከል ዲመሬጅ የሚሉት የመዘግየት ክፍያ፣ ያውም በውጭ ገንዘብ፣ መቁጠር ሊጀምር ይችላል። ከምሳ ላይ የተረፈው ገንዘብ ይህን እንደማይከፍል ማንም አስመጪ ያለ እርሳስና ወረቀት ያውቀዋል።

ይህ ሲባል ሠራተኛው በትልቅ ሆቴል ይቀለብ ማለት አይደለም። በጥቂት ገንዘብ ደኅና አድርጎ መብላት የሚቻል ነገር ነው፤ መንገዱም ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ዕቃ ከሩቅ ሲመጣ የማጓጓዣውን ወጪ ተሸክሞ እንደሚመጣ ሁሉ ምግብም እንዲሁ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱና ፍራፍሬው በብዛት ከኢትዮጵያ የሚወርድ ነው። እዚያ ደርሶ የአገር ቤቱን ምግብ ካልበላሁ የሚል መንገደኛ ምሳውን ከነትራንስፖርቱ ይገዛል። በአንጻሩ ዓሣው ከባሕሩ ይወጣል። የመናውያኑ ወጥ ቤቶች ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው፣ በበርበሬ ቀብተው፣ በሸክላ ምድጃ ውስጥ ጠብሰው ከሰፊና ስስ ቂጣ ጋር ያቀርቡታል፤ አንዱ ዓሣ ሁለት ሰው ያጠግባል። ጧት ፉል ከዳቦ ጋር ወይም ላሆህ የተባለው እንጀራ መሰል ቂጣ አለ። በጾም ቀን ዓሣ የማይቀምስ ሰው ደግሞ በፉልና በምስር፣ ከሩዝ ጋር፣ ሳይቸገር ይውላል። እንዲህ ያለው ቤት ጠረጴዛው ያጌጠ ባይሆንም ምግቡ በትኩሱ ያልቃል፤ በሞቃት አገር የምግብ ንጽሕና ዋናው ዋስትና ደግሞ ብዙ ደንበኛና ቶሎ የሚያልቅ ድስት ነው።

በመንገድ ላይም ይኸው ሐሳብ ያገለግላል። በአዋሽና በሚሌ በኩል በመኪና የሚወርድ ሰው በአፋር ምድር ፊቱ የተጠበሰ የፍየል ሥጋ መብላት ይሻለዋል፤ በዚያ ሙቀት ሲውል የዋለ ክትፎ መመኘት ግን ጉዞን በሐኪም ቤት ለመፈጸም መዘጋጀት ነው። በድሬዳዋ በኩል የሚያልፈው ፓፓያና ማንጎ ሳይዝ ባይሄድ መልካም ነው። በረመዳን ወር የሚጓዝ ሰው ደግሞ ቀን ቀን ምግብ ቤት ተዘግቶ እንደሚያገኝ አውቆ፣ ዋናውን ምግቡን ከመግሪብ በኋላ አድርጎ ይወስን።

ስንቅን የመሰለ ነገር ግን የለም። የሲራራ ነጋዴ ወር ሁለት ወር በእግሩና በበቅሎ ሲጓዝ በሶውን፣ ጭኮውን፣ ቆሎውንና ድርቆሹን አስይዞ ነበር የሚነሣው። በሶ በውኃና በጨው፣ ሲገኝም በማር፣ የሚበጠበጥ የአንድ ጧት ሙሉ ምግብ ነው፤ አይበላሽም፤ ቦታም አይፈጅም። ዛሬ ይህ ሁሉ በየገበያው እየተሸጠ ሳለ መንገደኛው በአውቶቡስ ተራ ላይ እጥፍ ከፍሎ ደረቅ ኬክ ይገዛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህም ሳይሆን አይቀርም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እርሱም ደረሰኝ ነው። ሠራተኛው የበላበትን በደረሰኝ ያወራርድ የሚል የንግድ ቤት ሳያስበው ሰውየውን ከዓሣ ጠባሹ ቤት አስነሥቶ ወደ ሆቴሉ ይመራዋል፤ ምክንያቱም ማኅተም ያለበት ወረቀት የሚገኘው በሆቴሉ ነው። በዚህ ዓይነት ቁጥጥሩ ራሱ ወጪውን ያበዛዋል። የቀን አበል ተቆርጦ ለምግቡ ደረሰኝ አለመጠየቅ፣ ለመኝታና ለመጓጓዣ ግን መጠየቅ የተሻለ አሠራር ነው።

ዘወትር ሰው የሚልኩ ሦስት አራት አስመጪዎች ተስማምተው በጅቡቲ አንድ ቤት በጋራ ቢከራዩ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። ሽሮውና በርበሬው ከየቤቱ ይወርዳል፤ ዓሣው በጧት ከገበያ ይገዛል፤ አንዲት ወጥ ሠሪ ለስድስት ሰው ታበስላለች። የኪራዩ ድርሻ ለእያንዳንዱ ቤት ከሆቴል መኝታ ይበልጥ ወይስ ያንስ እንደ ሆነ ማስላት ለሒሳብ ሹሙ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።