የሞተሩን መብራት ከማጥፋት ማንበብ ይሻላል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በመኪናችን ሰሌዳ ላይ ስለምትበራው ቢጫ የሞተር መብራት ያለኝን አሳብ በአንባብያን ዓምድ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፤ በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና ምትኳ በቀላሉ የማይገኝ ሆናለች። በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ሾፌሮች «ቼክ ኢንጂን» የሚሏት መብራት በበራች ጊዜ የምናደርገውን ስመለከት፤ ከመኪናው አስቀድሞ መጠገን ያለበት ልማዳችን ይመስለኛል። አንዳንዱ መብራቷን እንዳላየ ሆኖ ወራት ይነዳል። አንዳንዱ የባትሪውን ሽቦ ነቅሎ መልሶ በመግጠም ያጠፋታል። ሌላው ወደ ጋራዥ ሄዶ «መብራቷን አጥፉልኝ» ይላል፤ ጋራዡም የተለመነውን ይፈጽማል። መብራቷ ትጠፋለች፤ በሽታው ግን እንዳለ ይቀራል። በሳምንቱ ስትበራ እንደ ገና ይከፈላል።

ይህች መብራት የመኪናው ኮምፒዩተር በሞተሩ ወይም በጭሱ መንገድ ላይ ከልክ የወጣ ነገር ሲያገኝ የሚያስታውቅባት ናት፤ ምክንያቱንም በቁጥር መዝግቦ ያስቀምጣል። በአሜሪካ ከ1996፤ በአውሮፓም በቤንዚን ለሚሄዱ አዳዲስ መኪናዎች ከ2001 ጀምሮ፤ ይህ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ምዝገባው በአንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲሆን በሕግ ታዟል። ስለዚህ በነዚህ መኪናዎች ከመሪው በታች ባለ 16 እግር ሶኬት ይገኛል። ከመዳፍ የማትበልጥ ማንበቢያ እዚያ ሰክቶ ቁጥሩን በእጅ ስልክ ማንበብ ማንም ፊደል የቈጠረ ሰው የሚችለው ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መብራቷ እንዴት እንደምትበራ ማስተዋል ይገባል። ረግታ ከበራችና መኪናው እንደ ወትሮው ከሄደ፤ ቀስ ብሎ ቤት መድረስ ይቻላል። ብልጭ ድርግም የምትል እንደ ሆነ ግን ቤንዚኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሳይቃጠል እየወጣ ነው፤ ይኸውም በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ውድ ማጣሪያ ከመጠን በላይ አግሎ ያበላሸዋል። ፍጥነት ቀንሶ ዳር ይዞ መቆም ነው። ቀይዋ የዘይት መብራት ደግሞ ሌላ ናት፤ እርስዋ ስትበራ ሞተሩን ወዲያውኑ ማጥፋት ያሻል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የሚነበበው ቁጥር ክስ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በመሥሪያ ቤታችን ማመልከቻ ስለ ቀረበበት ብቻ ሰው አይቀጣም፤ ነገሩ ይጣራል። የመኪናውም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ፒ 0171 የሚለው ቁጥር አየሩ በዝቶ ነዳጁ አንሷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የኦክስጅን ሴንሰሩን ለውጦ ገንዘብ መቀበል የተለመደ ነው። ሴንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ ወሬ ያመጣ መልእክተኛ እንጂ በደለኛ አይደለም። በደለኛው የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፤ የቈሸሸ የአየር መለኪያ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ቱቦውን በዓይን መመርመር ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ፒ 0301 ቢመጣ አንደኛው ሲሊንደር በደንብ አያቃጥልም ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ባለው መኪና፤ ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ኮይል ማለዋወጥ፤ ቁጥሩን ሰርዞም ጥቂት መንዳት ነው። አዲሱ ቁጥር ፒ 0302 ከሆነ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ተዛውሯልና ኮይሉን ብቻ መግዛት ይበቃል። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን እንዲሁ ማለዋወጥ ይቻላል። ከዚያም ካልተገኘ ሥራው የመካኒክ ነው።

ይህን ስል ባለሙያዎችን ለመንቀፍ አይደለም። የነዳጅ መሥመር መፍታትና ሞተር መክፈት የእነርሱ ሙያ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን በኪሱ ይዞ የሄደ ሰው የሚጠይቀውን ያውቃል፤ ደኅናው መካኒክም እንዲህ ያለውን ደንበኛ አይጠላም።

አሮጌ መኪና ለመግዛት ያሰበም ይህን ልብ ይበል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቷ መብራት፤ ከተነሣ በኋላም መጥፋት አለባት። ከመነሻው ካልበራች ሰው ነካክቷታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ማንበቢያውም የመኪናው የራስ ምርመራ ገና አልተፈጸመም የሚል እንደ ሆነ፤ መዝገቡ በቅርቡ ተሰርዞ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ነበርና ምክንያቱን ሳይጠይቁ ቀብድ መስጠት አይበጅም።

ለሚመለከታቸውም ሁለት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፤ ጋራዦች ዕቃ ከመለወጣቸው በፊት ያነበቡትን ቁጥር በደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ፤ የወለቀውንም ዕቃ ለባለ መኪናው እንዲመልሱ ቢደረግ። ሁለተኛ፤ የየመሥሪያ ቤቱ ስምሪት ክፍል አንድ ማንበቢያ ይዞ የእያንዳንዱን መኪና ቁጥር ከነቀኑ በመዝገብ ቢያሰፍር። ለጥገና የሚወጣው የመንግሥት ገንዘብ ነውና፤ ለምን እንደ ወጣ በጽሑፍ መገኘት ይኖርበታል።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። መብራቷም የምትለን ይህንኑ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣው አንባቢ
አዲስ አበባ