የሚያጉረመርመው ሣጥንና የበገናው ድምፅ

ከጂቡቲ ከተማ፣ ዋራበሌ ከተባለው ሰፈር፣ አንድ የአገራችን ሰው ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከውልናል። ሟቹ አባታቸው በገና ሲደረድሩና በመካከሉም ልጆቻቸውን ሲመክሩ፣ በ1979 ዓ.ም በካሴት የተቀዳ ድምፅ በእጃቸው ይገኛል። ካሴቱ አርጅቶ ሳይበላሽ ብለው ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጡት። ለጠረጴዛቸውም ሁለት ትናንሽ ስፒከሮችና አንድ የወፍራም ድምፅ ሣጥን ያሉትን ማጉያ ገዙ። ይሁን እንጂ ማጉያው በተከፈተ ቍጥር ቤቱ ያጉረመርማል፤ ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤትም፣ በትሕትና ቢሆንም፣ አቤቱታ ማቅረባቸው አልቀረም። የድምፁ መጨመሪያ ቁልፍ ጥቂት ሲነካ ይጮኻል፤ መለስ ሲደረግ ደግሞ የግራው ስፒከር ብቻ ይናገራል። ከሁሉ ይልቅ ጸሐፊውን ያሳዘናቸው ግን፣ አብረዋቸው የሚኖሩት እናታቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ካዳመጡ በኋላ «ይህስ የእርሱ ድምፅ አይደለም» ማለታቸው ነው። «ዕቃውን ብሸጠው ይሻላልን?» ሲሉ ይጠይቁናል።

አይሽጡት። ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለና እርሱን ያድርጉ። ያንኑ ድምፅ ጆሮ ላይ በሚደረግ ማዳመጫ ይስሙት። ጉርምርምታው በዚያም ካለ ጥፋቱ የካሴቱ ነው። በማዳመጫው ጠፍቶ በክፍሉ ውስጥ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ግን ጥፋቱ የክፍሉና የአቀማመጡ ነው። ደብዳቤውን ደጋግመን ስናነበው ይህ ሁለተኛው መሆኑን አልተጠራጠርንም። ክፍሉ በብሎኬት የተሠራ፣ ወለሉም ሴራሚክ የተነጠፈበት ሲሆን፣ ወርዱም ርዝመቱም 3 ሜትር ተኩል ነው ይላሉና። ሣጥኑ በጠረጴዛው ሥር ማዕዘን ውስጥ ተወሽቋል፤ የእናታቸውም አልጋ ከግድግዳ ተጠግቷል።

ይህ ልክ ብዙ ነገር ይነግረናል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በአንድ ሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ እንደ ጂቡቲ ባለ ሙቀት ደግሞ 350 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ፣ የማዕበሉ ርዝመት 7 ሜትር ይሆናል። የዚህ እኩሌታ 3 ሜትር ተኩል ነው፤ ይኸውም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት ማለት ነው። የሚሄደው ማዕበል ከሚመለሰው ጋር እየተደራረበ ክፍሉ በራሱ ጊዜ ይዘምራል። በእንስራ አፍ ላይ ድምፁን እያወፈረና እያቀጠነ ያንጎራጎረ ሰው፣ እንስራው በአንዱ ድምፅ ላይ ብቻ አብሮት እንደሚጮኽ ያውቃል። ክፍልም እንደዚሁ ነው። የእኒህ አንባቢያችን ክፍል ደግሞ አራት ማዕዘኑ እኩል በመሆኑ፣ ሁለቱም ጥንድ ግድግዳዎች በአንዱ ድምፅ ላይ ይተባበራሉ።

ችግሩ በ50 ብቻ አያበቃም፤ በእጥፉ፣ ማለት በ100ም ላይ ይደገማል። በንግግር ጊዜ የወንድ ልጅ ድምፅ መሠረት ከ85 እስከ 155 ገደማ ባለው ውስጥ የሚመላለስ ነው። እንግዲህ የአባትየው ድምፅ በ100 ዙሪያ ባለፈ ቍጥር ክፍሉ ያንን ብቻ ያብጠዋል፤ ቃላቱን የሚለዩት ቀጫጭን ድምፆች ግን በዚያ ሥር ይቀበራሉ። በገናውም ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። የበገና አውታር ወፍራም ቢሆንም፣ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ የሚባለው፣ ያን ንዝረት የበዛበትን ልዩ ድምፅ ይሰጠዋል። ጉርምርምታ ሲበዛ አስቀድሞ የሚጠፋው ይኸው የእንዝራው ንዝረት ነው። እናትየው «የእርሱ አይደለም» ማለታቸው፣ በእኛ አስተያየት፣ የጆሮ ድካም ሳይሆን ትክክለኛ ፍርድ ነው።

መድኃኒቱ ከሣጥኑ ይጀምራል። ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ሣጥን ወደ አንድ ግድግዳ ሲጠጋ ኀይሉ እስከ 6 ዴሲቤል ሊጨምር ይችላል፤ በማዕዘን ሲሆን ደግሞ ሁለት ግድግዳና ወለል በአንድነት ያግዙታል። ስለዚህ ከማዕዘን ያውጡት። ወዴት እንደሚያኖሩት ለማወቅ በሙያው ያሉ ሰዎች አንድ ዘዴ አላቸው፤ ሲያዩት ቢያስቅም ይሠራል። ሣጥኑን አድማጩ በሚቀመጥበት ስፍራ ያኑሩትና፣ እርስዎ ጎንበስ ብለው በግድግዳው ዙሪያ እየተዘዋወሩ ያዳምጡ። ጉርምርምታው የቀነሰበትንና ቃሉ የጠራበትን ስፍራ ሲያገኙ ሣጥኑን ወደዚያ ያዛውሩት።

ቀጥሎ አልጋው ነው። እነዚህ የክፍል ድምፆች በግድግዳው ሥር ሁልጊዜ ከፍተኛ ናቸው። በ100 የሚርገበገበው ድምፅ ደግሞ በክፍሉ መካከልም ከፍ ይላል፤ ዝቅ የሚለው ከግድግዳው ሩብ ርቀት ላይ ነው። በዚህ ክፍል ይህ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አልጋውን ማንቀሳቀስ ባይቻል እንኳ፣ ለማዳመጫ ጊዜ እናትየው የሚቀመጡበትን ወንበር በዚያ ርቀት ማኖር አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ከምንመክረው ሁሉ ይህን አስቀድመው እንዲሞክሩት እንወዳለን።

ትናንሾቹ ስፒከሮች በቀጥታ በጠረጴዛው ላይ ከተቀመጡ እንጨቱ እንደ ከበሮ አብሯቸው ይመታል፤ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ከሥራቸው ይደረግ። ከሣጥኑ ወይም ከስፒከሮቹ ጀርባ ክብ ቀዳዳ ካለ፣ ወፍራም ድምፅን ለማጎልበት የተበጀ ነውና ንጹሕ ካልሲ ጠቅልለው ይወትፉት፤ ዕቃውን አይጎዳም። የእንቍላል ካርቶን በግድግዳ መለጠፍን ግን አንመክርም። ካርቶንም ሆነ ስስ ምንጣፍ የሚያፍኑት ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ እንዳለ ይቀርና ክፍሉ ከፊተኛው ይልቅ የታፈነ ይሆናል። በማዕዘን የቆመ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ጥቂት ይረዳል። መስኮት መክፈትም ይረዳል፤ ነገር ግን ከክፍሉ የወጣው ድምፅ የሚሄደው ወደ ጎረቤት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የቀረ ጉርምርምታ ቢኖር በኮምፒዩተሩ ውስጥ ወዳለው ኢኳላይዘር መሄድ ይቻላል። በ100 ዙሪያ ያለውን ብቻ 4 ወይም 5 ዴሲቤል ዝቅ ያድርጉ። ቀጭኑን ከፍ በማድረግ ለማሸነፍ መሞከር ጩኸት በጩኸት ላይ መጨመር ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ እንመለስ። በዚህ ዕቃ ላይ ድምፅ በሦስት በሮች ያልፋል፤ እነርሱም የሙዚቃው ማጫወቻ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱና የማጉያው ቁልፍ ናቸው። ሁለቱ ፊተኞች ወለል ብለው ከተከፈቱ ለሦስተኛው የሚቀረው ሥራ እጅግ ጠባብ ይሆናል፤ ጥቂት ሲነካ የሚጮኸውም ስለዚህ ነው። የግራው ብቻ መናገሩም ከዚሁ የመጣ ነው። በርካሽ ቁልፎች ውስጥ የግራውና የቀኙ መንገድ በመጀመሪያው ሽክርክሪት ላይ እኩል አይሆኑም፤ ከመካከል በላይ ሲደርሱ ይስተካከላሉ። እንግዲህ አስቀድመው ቁልፉን እንደ ሰዓት ቆጥረው በ12 ላይ ያኑሩት፤ ከዚያም ድምፁ ለክፍሉ እስኪበቃ ድረስ በኮምፒዩተሩ በኩል ይቀንሱ። ሹክሹክታ መሰል ንፋስ ከተሰማ ቁልፉን ወደ 10 መልሰው ኮምፒዩተሩን ጥቂት ከፍ ያድርጉ። ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራና የባሕር እርጥበት ገብቶበታል ማለት ነውና፣ ዕቃውን ከመብራት ነቅለው የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ይረጩበት።

በዚህ ላይ የጆሯችን ጠባይ አለ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ከመካከለኛው ይልቅ አብዝቶ ያጣል። ማታ ሕፃን ተኝቶ በዝግታ የሚያዳምጥ ሰው ታዲያ «ወፍራሙ አነሰ» ብሎ የቤዙን ቁልፍ ከፍ ያደርጋል፤ በማግሥቱ ድምፁን ሲጨምር ቤቱ ይናወጣል። ቤዙን የሚያስተካክሉት ዘወትር በሚያዳምጡበት መጠን ላይ ሆነው ይሁን።

ከጉርምርምታ ጋር የሚምታታ ሌላ ሕመምም አለ። ምንም ሳይጫወት የማያቋርጥ ወፍራም እምታ ከተሰማ፣ ያ የመብራቱ ድምፅ ነው። ጂቡቲ በ2004 ዓ.ም ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተገናኝታለች፤ በሁለቱም አገር መብራቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ኮምፒዩተሩንና ማጉያውን ከአንድ ሶኬት ማብራት ብዙ ጊዜ ያቆመዋል። አንዳንድ ሠራተኞች ግን የመሬቱን ሽቦ ቆርጠው እምታውን ዝም ያሰኛሉ፤ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነውና በቤትዎ ማንም እንዲያደርገው አይፍቀዱ።

ጸሐፊው በደብዳቤያቸው ግርጌ፣ የተገለበጠውን ድምፅ ራሱን አርመው እንደገና ለመቅዳት እንዳሰቡ ይነግሩናል። ይህን እንዲተዉት እንለምናቸዋለን። ከ100 ዙሪያ የተቀነሰው ለዚያ ክፍል ብሎ ነው፤ እኅት ወንድሞቻቸው በሌላ ቤት ሲያዳምጡት የአባታቸው ድምፅ ሳስቶ ይገኛል። የመጀመሪያው ቅጂ ሳይነካ በሁለት ስፍራ ይቀመጥ፤ እርማቱ ሲጫወት ብቻ ይሁን። ዋናው ካሴትም፣ በስፒከር ውስጥ ብርቱ ማግኔት አለና፣ ከስፒከሩ ላይም ሆነ ከሣጥኑ አጠገብ አይኑር።