ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን የእናት እጅ



ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ በሰባት ወሯ ወለደች። ሕፃኑ 1,300 ግራም ይመዝናል፤ አሁን በሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ተኝቷል። አያቱ ቤቴ መጥተው፣ «ሲስተር፣ ለጋ ቅቤ ይዤ ልሂድና ልሸው? ሰውነቱ እኮ አልጠነከረም» አሉኝ። እናትየዋ ደግሞ በስልክ፣ «እኔስ መንካቱንም ፈራሁ፤ የምሰብረው ይመስለኛል» አለችኝ። አያት ለማሸት ቸኩለዋል፣ እናት ለመንካት ፈርታለች። ለሁለቱም የመለስኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አይነካም ነበር። ኢንፌክሽን እንዳይዘው፣ እንዳይበርደው ብለን እናቶችን ከበር እንመልስ ነበር። አንዲት ከገጠር የመጣች እናት የታጠበ እጇን እያሳየችኝ፣ «ሲስተር፣ ጣቱን ብቻ ልያዘው» አለችኝ። «አይቻልም» አልኳት። ሕፃኑ በማግስቱ ጠዋት አረፈ። ብትይዘው ይተርፍ ነበር አልልም፤ ሳንባው ገና አልደረሰም ነበር። ነገር ግን ልጇን በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜም ሳትነካው ቀበረችው። የከለከልኳት እኔ ነኝ።

ዛሬ ትምህርቱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የማያሚ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ቲፋኒ ፊልድና ባልደረቦቿ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ 40 ሕፃናትን አጠኑ። ግማሾቹ ለ10 ቀናት፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለ15 ደቂቃ ታሹ። የታሹት በየቀኑ የጨመሩት ክብደት ካልታሹት በ47 በመቶ በለጠ፤ ከሆስፒታልም 6 ቀን ያህል ቀድመው ወጡ። የጠጡት ወተት ግን ከሌሎቹ አልበለጠም። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት በመጠኑ ጫን የሚል እጅ ከአንጎል ወደ ሆድ የሚወርደውን ቬገስ የሚባል ነርቭ ያነቃቃል፤ ጨጓራም በተሻለ ይሠራል። በጣቶች ጫፍ ላይ ላዩን መዳበስ ግን ሕፃኑን ስለሚኮረኩረው ያስጨንቀዋል።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ሕፃናት ከጽኑ ሕክምናው አልፈው ክብደት ለመጨመር የሚጠበቁ ነበሩ። በኦክስጅን የሚተነፍስ፣ ገና ያልተረጋጋ ሕፃን አይታሽም። ለእርሱ የሚበጀው ዝም ብሎ የሚያርፍ እጅ ነው። እናት እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ቀለበቷን አውልቃ፣ መዳፏን አሙቃ፣ አንዱን እጅ በራሱ፣ ሌላውን በእግሮቹ ላይ ሳታንቀሳቅስ ታሳርፋለች።

ሐኪሙ ሲፈቅድ ደግሞ ደረት ለደረት ማቀፍ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረው ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ በእኛም ሆስፒታሎች ይሠራበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን ይመክራል። ማሸት በዚህ ላይ የሚጨመር እንጂ ይህን የሚተካ አይደለም።

የማሸቱ ቀን ሲደርስ ነርሷ አጠገባችሁ ቆማ ታሳያችሁ። ልክ እንደጠባ አይጀመርም። በመዳፍ፣ በቀስታ፣ ከራስ ወደ አንገት፣ ከትከሻ ወደ ጀርባ፣ ከዚያም እግርና እጁን። መልኩ ከተለወጠ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ፣ ስቅ ካለው ወይም ጣቶቹን ዘርግቶ ፊቱን ካዞረ ወዲያው አቁሙ። «በቃኝ» ማለቱ ነው።

አሁን ወደ አያት ልመለስ። «እትዬ፣ ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ያድርጉት» አልኳቸው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳ በጣም ስስ ነው፤ ቅቤ ደግሞ ከጀርም የጸዳ አይደለም። ቅባት ካስፈለገ የሚመርጠው ሐኪሙ ነው። ቅቤ ማዋጥ፣ እጅና እግሩን መሳብ፣ ሆዱን መጫን ፈጽሞ አይሞከርም። የእትዬ እጅ ግን ሥራ አያጣም፤ እናትየዋ ልጇን አቅፋ ስትውል ገንፎውን የሚያቀርብላት፣ ልብሱን የሚያጥብላት ያስፈልጋል።

ለእናትየው ደግሞ፣ «የኔ ልጅ፣ አትሰብሪውም። ነርሷን ጠይቂና እጅሽን አሳርፊበት» አልኳት። ትናንት ደውላ፣ «ሲስተር፣ እጄ ሲያርፍበት መወራጨቱን ተወ» አለችኝ። ገና ብዙ ቀን ይቀረዋል፤ ክብደቱም አልጨመረም። እናቱ ግን ከአጠገቡ አልጠፋችም።

በሥራ ላይ ያላችሁ የሙያ ልጆቼ፣ እናት እጇን ታጥባ ከመጣች ወንበር ስጧት፣ አሳዩዋት። እኔ ያልኳትን አትበሏት።

ሳምንት ሰው ይበለን።