ዓለም በቃኝን አፍርሰን ምን ልናስጎበኝ ነው?

ወገን፣ ሳትዋሽ መልስልኝ። አንድነት ፓርክ ስንት ጊዜ ሄደሃል? እንጦጦስ? ወዳጅነትስ? እሺ፣ ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ገብተህ አንድ የመቃብር ጽሑፍ ቆመህ አንብበህ ታውቃለህ? እኔ የጠየቅኳቸው ልጆች አብዛኞቹ ሳቁብኝ። «ምነው፣ ሰው ሞቶብሃል እንዴ?» ነው ያሉኝ።

አዎ፣ ሞቶብኛል። አንተም ሞቶብሃል። ለቅሶ አልደረስክም እንጂ።

ፓርክ አትሂዱ አላልኩም፤ አየር መቀበል ኃጢአት አይደለም። ግን አንበሳ አይተህ፣ ፎቶ ተነስተህ የወጣህበት የምኒልክ ቤተ መንግሥት ግቢ እኮ ደርግ የንጉሡን ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች አጉሮ ያሰረበት ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ማታ ከዚያ አውጥቶ ከርቸሌ ወሰዳቸው። አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ከነዚያ ሁሉ ሹማምንት ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ እዚያው ግቢ በጅምላ ጉድጓድ ተጣሉ። ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞቱ ተባለ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ከቤተ መንግሥቱ ወለል ሥር ተቆፍሮ ነው። በወግ በማዕረግ ሥላሴ የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993። ሃያ አምስት ዓመት መቃብር ያልነበረው ንጉሥ ማለት ነው። ይሄን ሳታውቅ እዚያ ግቢ ውስጥ አይስክሬም በልተህ ወጣህ።

ከርቸሌስ ዛሬ የት አለ? የለም። ከርቸሌ ግቢ ውስጥ ዓለም በቃኝ የሚባል እስር ቤት ነበር። ስሙን ብቻ ቀስ ብለህ አንብበው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ ፋሺስት ከየሰፈሩ የለቀማቸው ሰዎች ታጉረውበታል። ደርግ የገዛ ወገኑን አጉሮበታል። ከደርግ በኋላም ባዶ አልሆነም። ከዚያ ያ ቤት ፈረሰና ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ተሰጠ፤ ጥር 2004 ላይ ቻይና የሠራችው 99.9 ሜትር ሕንፃ ተመረቀበት። በ2011 ደግሞ እዚያው ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት ቆመ። ሚኒስትሮቻቸው በተረሸኑበት ቦታ ማለት ነው! ስንቱ ጎብኚ ይሄን አውቆ ፎቶ ይነሳል?

የአፍሪካ ኅብረት እኛ ጋ መሆኑ ያኮራኛል፤ ማንም እንዳያጣምምብኝ። ግን ያን ሁሉ ዓመት ሰው የተሰቃየበትን ቤት ስናፈርስ አንድ ክፍል፣ አንድ በር ከነመቀርቀሪያው ማስቀረት እንዴት አቃተን? ደቡብ አፍሪካኖቹን እዩ። ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቸው 18ቱን ያሳለፉበትን ሮበን ደሴት አላፈረሱትም። ሙዚየም አደረጉት፤ በ1999 በፈረንጆቹ የዓለም ቅርስ ሆነ። የሚያስጎበኙት ደግሞ እዚያው ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሰው ከየዓለሙ ገንዘብ ከፍሎ፣ ጀልባ ተሳፍሮ ሄዶ አንዲት ጠባብ ክፍል አይቶ ይመለሳል። ማንዴላ እስር ቤት ከመግባታቸው በፊት በ1962 በፈረንጆቹ ወታደራዊ ትምህርት የተማሩት እኮ እኛ ጋ፣ ኮልፌ ነው። እነሱ እስር ቤቱን መማሪያ አደረጉት፤ እኛ የእኛን በዶዘር ጠረግነው።

ማዕከላዊስ? ፒያሳ መሀል ነው፣ ሩቅ አይደለም። በ2010 ተዘግቶ ሙዚየም ይሆናል ተባለ፤ በ2012 መግቢያ ሰሞን ለጥቂት ቀናት በሩ ተከፍቶ ሕዝብ ገብቶ አየው። እስረኞቹ ለክፍሎቹ ያወጡላቸውን ስም የሰማ ሰው አይረሳውም፤ ጨለማ ቤት፣ ጣውላ ቤት፣ ሳይቤሪያ። የተሻለውን ክፍል ደግሞ ሸራተን ብለውት ነበር። እንዲህ ቀልዶ የሚኖር ሕዝብ ልጆች ነን። ከዚያ ጉብኝት በኋላስ ምን ሆነ? ማን ጠየቀ? ለአንድ ሳምንት ፖስት አደረግን፣ አለቀስን፣ ከዚያ ሌላ አጀንዳ መጣ።

አሁን ወደራሳችን ልምጣ፤ ምክንያቱም ሁሌ መንግሥትን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። የልዑል ዓለማየሁ አጽም ከዊንድዘር ይመለስ ብለን ስንት ሃሽታግ ሠራን። ትክክል ነን! ልጁ በሰባት ዓመቱ ተወስዶ በ18 ዓመቱ በሰው አገር የሞተ ልጅ ነው፤ በ2015 ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አይሆንም ማለቱም ያንገበግባል። ግን ያ ልጅ የተወሰደበትን መቅደላን ከመካከላችን ማን ሄዶ አየ? ሴባስቶፖል አሁንም እዚያው አምባው ላይ ተጋድሟል። ፕሮፋይላችን ላይ ቴዎድሮስ፣ ቲሸርታችን ላይ ቴዎድሮስ፣ አምባው ላይ ግን የለንም።

የሄደ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር ያያል፤ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ የማንጽፈውን። መቅደላ የቴዎድሮስ መሞቻ ብቻ አይደለም፣ እስር ቤትም ነበር። ምኒልክ በ1857 ያመለጠው ከዚያ ነው። አቡነ ሰላማ እዚያው እስር ላይ እያሉ አረፉ። እንግሊዞች ከመድረሳቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ በርካታ እስረኞች ወደ ገደል ተወርውረዋል። ጀግናችን አሳሪም ነበር። ይሄን መናገር ቴዎድሮስን አያሳንስብኝም፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 እጄን ለጠላት አልሰጥም ያለውን ሰው በሙሉ ቁመናው እንዳየው ያደርገኛል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ይሄን ያሰበ ልጅ ፌስቡክ ላይ እንደ ሕፃን አይሰዳደብም።

በነገራችን ላይ መስከረም 21 ግሸን ማርያም የምትሳለሙ ስንቶቻችሁ ናችሁ አምባ ግሸን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት አምባ እንደነበር የምታውቁ? ወህኒ ቤት የምንለው ቃልስ ከጎንደር ዘመኑ ወህኒ አምባ ጋር እንደሚገናኝ? አክሱም ሐውልት ሥር ፎቶ የምትነሱትስ? እሱ እኮ የመቃብር ምልክት ነው። ጣሊያን ዘርፎ የወሰደብንና በ1997 ያስመለስነው ድንጋይ የሙታን ድንጋይ ነው። ጥያም እንዲሁ፣ ከሥሩ ሰው ተቀብሯል። ነጃሺ ከመስጊዱ ጎን የሰሐቦች መቃብር አለ፤ በቅርቡ ጦርነት ጉዳት ሲደርስበት ስንቶቻችን ነን ስለ መቃብሩ ያሰብነው?

«ቁስል መነካካት ነው፣ ቂም ይቀሰቅሳል» የሚሉ አሉ። ይሄን ክርክር አከብረዋለሁ፤ ቂም ነጋዴ በበዛበት ጊዜ ነው ያለነው። ግን ቂም የሚመጣው ቦታውን ካየ ሰው ነው ወይስ ካላየ? መስቀል አደባባይ ጥግ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም የገባ ሰው ያውቀዋል። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም፣ የሰዎቹ ልብስ፣ ግድግዳ ሙሉ የልጆች ፎቶ። አብዛኞቹ የእኔና የአንተ እኩያ ናቸው፣ ካምፓስ የሚማሩ። እዚያ ቆሞ «የማን ብሔር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እኔ አላየሁም። የሚያጋጩን እኮ መቃብሩን ያላዩ፣ የሟች ቁጥር ብቻ የሚወራወሩ ሰዎች ናቸው።

ሌላው ሰበብ «ባለሙያ የለም» የሚል ነው። ይሄ እንኳን ያስቀኛል። በታሪክ፣ በቅርስ አስተዳደር፣ በቱሪዝም ተመርቀን ቤት የተቀመጥነውን ቁጠሩን እስቲ! እኔ ራሴ ዲግሪዬን ይዤ ያላንኳኳሁት በር የለም። ከእኛ አምስቱን ሥላሴ፣ አምስቱን በዓታ ምኒልክና ጣይቱ መቃብር ላይ አቁሙን፤ ወሬ ሳይሆን ታሪክ እንናገራለን። ሥላሴ ግቢ ውስጥ ንጉሡ አሉ፣ የተረሸኑት ሹማምንት አሉ፣ ሲልቪያ ፓንክኸርስት አለች፣ መለስ ዜናዊም አለ። በሕይወት ቢገናኙ አንድ ጠረጴዛ የማይቀመጡ ሰዎች አንድ አጥር ውስጥ ተኝተዋል። ከዚህ የተሻለ የታሪክ ክፍል የት ይገኛል?

የሚብሰኝ ግን ደብረ ሊባኖስ ነው። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወጣቱ በመኪና ይሄዳል፣ የፖርቱጋል ድልድይ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ጭላዳ ያያል፣ ክትፎ በልቶ ይመለሳል። ግንቦት 13 ቀን 1929 የግራዚያኒ ወታደሮች መነኮሳቱን ከገዳሙ በካሚዮን ጭነው ላጋ ወልዴ ወስደው ረሸኗቸው። የጣሊያን ሰነድ ራሱ 297 መነኮሳትን ይቆጥራል፤ በኋላ ያጠኑት ተመራማሪዎች ከሺህ በላይ ያደርሱታል። ለገዳዩ ደግሞ በ2012 በፈረንጆቹ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። አዎ፣ ለግራዚያኒ! ያኔ ተናደን ጮኸን። ጥሩ። የእነሱ ገዳይ ጎብኚ ሲኖረው የእኛ ሟች ጎብኚ ማጣቱ ግን የጣሊያን ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ግንቦት 12 ለተክለ ሃይማኖት ንግሥ የምትወጡ ልጆች፣ ቸኩላችሁ አትመለሱ። እዚያው እደሩና 13ን ዋሉ። ላጋ ወልዴ በየት በኩል እንደሆነ የገዳሙን አባቶች ጠይቁ፤ ዕድሜ የጠገበ የአካባቢ ሰው ካገኛችሁ ከአባቱ የሰማውን አስነግሩትና ፈቃደኛ ከሆነ ድምፁን ቅዱ። ሰልፊ ይቅርባችሁ፣ ስም ጻፉ። የቀዳችሁትን ላኩልን፤ እዚህ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።