ካልዲን ተዉትና ለቃሚዋን ጠይቁ

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ስልኬ ላይ መጣ። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ባለጥለት ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ጀበና ይዛ ትስቃለች፤ ከጎኗ ፈንዲሻ። ርዕሱ «የጅማ ባህልና አኗኗር በአንድ ደቂቃ» ይላል። ከዚያ የካልዲ ፍየሎች መጨፈር ይጀምራሉ። እኔ ያደግኩት አጋሮ አጠገብ ነው። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት፤ የማውቀው ኑሮ አጣሁበት።

ከፍየሎቹ እንጀምር። ተረቱን መጀመሪያ ተጽፎ የምናገኘው ጅማ ወይም ከፋ ውስጥ አይደለም። ፋውስቶስ ናይሮን የሚባል ማሮናዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ነው። እዚያም ላይ እረኛው ስም የለውም፤ «ካልዲ» ኋላ የተለጠፈለት ነው። አያቴ ቡና ቀላ ስትሠራ፣ ፍሬውን ከነገለባው በቅቤ አብስላ ለሽማግሌዎች አቅርባ ስትመረቅ፣ ስለ ፍየል ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እኛ ግን የእሷን ትተን የሮሙን እንተርካለን።

ተረት ነው ብዬ ልለፈው። የሚያናድደኝ በተረቱ የሚሸፈነው ነገር ነው።

የእኛ አገር ባህል ማየት የፈለገ ዓመቱን ይይ። ክረምት ሲገባ ቤት ባዶ ይሆናል። ደብተር አለ፣ ማዳበሪያ አለ፣ የታመመ አለ። አባቴ ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ ይሸጠው ነበር፤ ለአበዳሪው፣ በግማሽ ዋጋ። ከጥቅምት ጀምሮ ለቀማ ነው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በለቀማው ወቅት የክፍላችን ግማሽ ወንበር ባዶ ነበር፤ ከቀሩት አንዱ እኔ ነኝ። ቅርጫቱን ተሸክሜ መንገድ ዳር ወርጄ ለሰብሳቢው አስረክባለሁ። ሚዛኑ የእሱ፣ ዋጋውም የእሱ። ጥር ላይ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሰርግ ይደገሳል፤ ግንቦት ላይ ደግሞ ያው ብድር።

ሐምሌ ላይ ደግሞ እናቴ ቡና ከሱቅ ትገዛ ነበር። በስኒ ተሰፍሮ! ጓሯችን ሙሉ ቡና ነው፤ የምንጠጣው ግን የተሰባበረና የጠቆረ ግርድ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ይከለክል ነበር። አገር ዶላር ያስፈልጋታል፣ ይገባኛል። ግን «የቡና መገኛ» እያልን ስንፎክር፣ መገኛው ላይ ያለው ሰው ምን እንደሚጠጣ አንድ ሰው እንኳ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

ስማችንም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 መንግሥት ከስታርባክስ ጋር የተሟገተው ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋጨፌ ስም ነበር። ጅማ ከሦስቱ ውስጥ የለችም። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» ማለት በጆንያ የሚጫን ርካሽ ደረቅ ቡና ነው፤ የጅማው፣ የከፋው፣ የኢሉ አባ ቦሩ ሁሉ በዚህ ስም ይሄዳል። ሰው ይህን ሲሰማ ቡናው መጥፎ ይመስለዋል። አይደለም! ብድር የያዘው ሰው ፍሬው እስኪቀላ አይጠብቅም፤ ቀዩንም አረንጓዴውንም ባንዴ ከቅርንጫፉ ገፎ መሬት ላይ ያሰጣዋል። «ጅማ 5» ብለው የሚቀምሱት ያንን ችኮላ ነው።

ማስረጃ ካላችሁኝ እዚያው አጋሮ አጠገብ አለላችሁ። የዱሮሚና ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ማጠቢያ ተከሉ፤ ቀዩን ብቻ ለቅመው አጠቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ዳኞች ቡናቸውን ከአፍሪካ ምርጥ አሉት። ዛፉ ያው፣ አፈሩ ያው። የተለወጠው ፍሬው እስኪቀላ መጠበቅ መቻላቸው ነው።

«ገጽታ ግንባታ ነው፣ ቱሪስት ያመጣል፣ ምን አስከፋህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔ ጀበና አልጠላም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ነው ያደግኩት፤ በእኛ ሰፈር የተጣላ የሚታረቀው፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናው ቡና ላይ ነው። ግን ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ ሚዛኑ እዚያው ሰብሳቢው ጋ ይቀራል። ጀበናውን ብቻ እያሳየን ስንኖር ስለ ሚዛኑ የሚጠይቅ ጠፋ።

ስለዚህ ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆች፣ እባካችሁ ጥቅምት ላይ ኑ። ጎማ ውጡ፣ ሊሙ ውጡ። ለቃሚዋን እጇን ቅረጹት፣ በኪሎ ስንት እንደሚከፈላት ጠይቋት፣ መልሷን አትቁረጡት። ከዚያ ሐምሌ ላይ ተመልሳችሁ ኑ። እናቴ ቡና ታፈላላችኋለች። ከየት እንደገዛችው ጠይቋት።